በጨዋችን ውስጥ ያለው አዮዲን፦ በእጅ ይለካ ወይስ በማሽን?

ለዚህ ወር ያሰብኩት ርዕስ ሌላ ነበር። ነገር ግን በሥራ ቦታዬ የገጠመኝ አንድ ጉዳይ ሐሳቤን አስቀየረኝ።

አንዲት እህት ልጇን አዝላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባች። ሁለተኛዋንም አርግዛለች። መድኃኒት ግን አልጠየቀችኝም። ከዘንቢሏ ሁለት የታሸጉ ጨዎች አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና፣ «እህት፣ ሁለቱም ላይ አዮዲን አለው ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ረከስ ይላል፣ ሌላው ይወደዳል። እናቴ እንቅርት አለባት። እኔ ደግሞ እንደምታዪኝ ነኝ። የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ።

ጨዎቹን አገላብጬ አየኋቸው። ሁለቱም ነጭ ናቸው። አዮዲን በጨው ውስጥ ሲገባ አይታይም፣ አይሸትም፣ በምላስም አይለይም። በመሆኑም በዚያ ሰዓት የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። ጨዎቹን ትተሽልኝ ሂጂ፣ ኢንሻአላህ አስለክቼ እነግርሻለሁ አልኳት። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ ነው።

አዮዲን ለምን ያስፈልገናል?

ብዙዎቻችን አዮዲንን የምናውቀው ከእንቅርት ጋር አያይዘን ነው። እውነት ነው፤ በአንገታችን ፊት ለፊት ያለው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። ሲያጣ ያገኘውን ለመልቀም እየተለቀ ይሄዳል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። ነገር ግን እንቅርት የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። የማይታየው የባሰ ነው። በእርግዝና ወቅት እናት አዮዲን በጣም ካነሳት ፅንሱ ሊጨነግፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። ቢወለድም አእምሮው በሚገባ ሳያድግ፣ አንዳንዴም ጆሮው ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ጉዳቱ ቀለል ሲልም ልጁ ጤነኛ መስሎ ያድግና ትምህርት ቤት ሲገባ ትምህርት ይከብደዋል። ሰነፍ ነው እየተባለ የሚገረፍ ልጅ ስንቱ ይሆን!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋል ይላል። ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህችን ታህል ነገር ለሁሉም ቤት ለማድረስ ከጨው የተሻለ መንገድ አልተገኘም፤ ጨው የማይገባበት ቤት የለምና።

የአገራችን ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የምንበላው ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣና አዮዲን የሚጨመርበት ነበር። ከዚያ በኋላ ፊታችንን ወደ አፋር፣ በተለይም ወደ አፍዴራ አዞርን። በአፍዴራ የሐይቁ ውሃ በገንዳ ተገድቦ በፀሐይ እየተነነ ጨው ይቀራል። ያ ጨው ግን ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ወደየቤታችን ሲገባ ቆየ። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አወጣ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 አደገ። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ለውጥ ነው።

ይሁን እንጂ «አዮዲን አለው» እና «በቂ አዮዲን አለው» አንድ አይደሉም። ጨዉ ቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ከ40 በላይም እንዳይሆን። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው የንጥረ ምግብ ጥናት ግን ይህን መጠን ያሟላ ጨው የተገኘው ከአራት ቤት በአንዱ ገደማ ነበር። 89 እና ከአራት አንድ! ልዩነቱ ከየት መጣ? ዋናው ምክንያት የመለኪያው ጥያቄ መለያየቱ ነው።

ጠብታውና ሰማያዊው ቀለም

ቤት ለቤት በሚደረግ ጥናት መጀመሪያ የሚያገለግለው በትንሽ ጠርሙስ የሚያዝ ፈሳሽ ነው። በአንድ ማንኪያ ጨው ላይ ጠብ ሲደረግ አዮዲን ካለ ጨዉ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ይለወጣል። ውጤቱ በደቂቃ ይታወቃል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ነው። ቀለሙ ደመቅ ካለ ብዙ፣ ፈዘዝ ካለ ጥቂት ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ መተማመን አይቻልም። በኪሎ 8 ሚሊ ግራም ያለውም ይሰማይያል፣ 30 ያለውም ይሰማይያል። ምን ያህል እንዳለ ለማወቅ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ስሙ ታይትሬሽን ይባላል።

ስሙ አያስፈራችሁ። ሊጥ ያቦካ ሰው ሁሉ ቅርብ የሆነ ነገር ያውቃል። ዱቄቱን ሳትመዝኑ ገበቴ ላይ አፈሰሳችሁ እንበል። ውሃውን ግን በኩባያ እየለካችሁ በጥቂት በጥቂቱ ትጨምራላችሁ። ሊጡ ልክ ሲመጣ ታቆማላችሁ። ስንት ኩባያ እንደገባ ካወቃችሁ ዱቄቱ ምን ያህል እንደነበረ መገመት ትችላላችሁ። ታይትሬሽንም እንዲሁ ነው። የማናውቀውን ነገር ለማወቅ፣ ከእሱ ጋር የሚዋሐድና ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ ልክ እስኪመጣ በጠብታ እንጨምራለን፤ ከዚያ የገባውን መጠን እናነባለን።

ጨው ሲሆን እንዲህ ይሠራል። 10 ግራም ጨው በውሃ ይሟሟል። ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል። በጨዉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም አዮዴት ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ አዮዲን ይለቀቅና ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ለ10 ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ቢዩሬት ከተባለው፣ መስመር የተሰመረበትና ከታች ቧንቧ ካለው ቀጭን ብርጭቆ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ቢጫው ሊጠፋ ሲቃረብ ስታርች ይጨመራል፤ ሁሉም በአንዴ ወይን ጠጅ ይሆናል። ጠብታው ይቀጥላል። ወይን ጠጁ ድንገት ጠፍቶ ፈሳሹ እንደ ውሃ ሲጠራ ቧንቧው ይዘጋል። ታዮሰልፌቱ በተለመደው ጥንካሬ ከሆነ፣ የፈሰሰው ሚሊ ሊትር በ10.58 ሲባዛ በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንዳለ ይነግረናል። 3 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ ወደ 32 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ አዮዲንን እ.ኤ.አ. በ1811 ያገኘው በርናር ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ከባሕር አረም አመድ ውስጥ። ስሙን ካወጡለት አንዱ የሆነው ሌላው ፈረንሳዊ ጌይ ሉሳክ፣ ይህን በጠብታ የመለካት ጥበብ ካስፋፉትም አንዱ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም እየሠራ ነው።

እጅ የሚሳሳትበት

ዲፕሎማዬን ስማር ቢዩሬት የያዝኩበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ለሦስት ቡድን ከአንድ ዕቃ ጨው ተሰጠን። አንዱ ቡድን 24 አገኘ፣ ሌላው 31፣ እኛ 38። መምህራችን ሳቁና «ከአንድ ማሰሮ ነው የቀዳሁላችሁ» አሉን። የእኛን ስሕተት ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ስታርቹን ገና ፈሳሹ ደማቅ ቢጫ ሳለ ጨመርኩት። ስታርች አዮዲን በብዛት ባለበት ከገባ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቶሎም አይለቅም፤ ቀለሙ ጠፋ ስንል ይመለሳል። እኔም ቀለሙ እስኪጠፋልኝ ስጨምር ስጨምር አለፍኩት።

እጅ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ቢዩሬቱን ከላይ ቁልቁል ወይም ከታች ሽቅብ ያየ ሰው የተለያየ ቁጥር ያነብባል፤ ዓይን ከፈሳሹ ጋር መስተካከል አለበት። አንዲት ጠብታ በኪሎ የግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ልዩነት ታመጣለች። ጠዋት የነቃ ባለሙያ ከሰዓት በኋላ በሃያኛው ናሙና ላይ ይደክማል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ልብ ውስጥ ያለው ነው። የመጀመሪያው ልኬት 30 ከመጣ፣ ሁለተኛው 30 አካባቢ ሲደርስ ዓይን «ይኸው ጠፋ» ለማለት ይቸኩላል። በዚያ የተማሪነት ዘመን የጎበዙን ተማሪ ቁጥር ቀድቶ ያስረከበም ነበር፤ ያን አላህ ይቅር ይበለን።

ማሽኑስ?

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ዛሬ በአንድ ላቦራቶሪ ትሠራለች። የዚያችን እህት ጨዎች የወሰድኩት ወደ እርሷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ቢዩሬትም አለ፣ አውቶማቲክ የታይትሬሽን ማሽንም አለ።

በማሽኑ ታዮሰልፌቱን የሚገፋው ሞተር ነው፤ ከአንዲት ጠብታ በብዙ እጥፍ ያነሰ መጠን መልቀቅ ይችላል። ቀለም አያይም፤ ስታርችም አያስፈልገውም። ፈሳሹ ውስጥ የተነከረ የፕላቲነም ዘንግ የኤሌክትሪኩን ለውጥ ይከታተላል። አዮዲኑ ሊያልቅ ሲል ለውጡ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ማሽኑ ያቺን ቦታ ይይዛትና ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ያትማል። አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አለቃ ፊት አያፍርም። በቀን ብዙ ናሙና ለሚቀበል ላቦራቶሪ ትልቅ እፎይታ ነው። የሠራው ሁሉ ተመዝግቦ ስለሚቀር በኋላ ሄዶ መመርመር ይቻላል። ይህ እንደ እኔ ከፍጥነቱ ይበልጣል።

ጓደኛዬ ግን ማሽኑን አሞግሳ አላቆመችም። አንድ ጊዜ የደረሰባቸውን ነገረችኝ። ለሳምንታት የሚመጣው ጨው ሁሉ ቁጥሩ ከፍ ከፍ እያለ ሄደ። ሁሉም ሰው ተደሰተ፤ አምራቾች ጎበዙ ተባለ። በኋላ ሲጣራ ታዮሰልፌቱ መስኮት አጠገብ ከርሞ ደክሟል። ይህ ፈሳሽ በብርሃን፣ በአየርና በተሕዋስያን እየተበላሸ ይሄዳል። ሲደክም ያንኑ አዮዲን ለመጨረስ የበለጠ መፍሰስ አለበት። ማሽኑ ደግሞ መድከሙን አያውቅም፤ ብዙ ፈሰሰ፣ ስለዚህ ብዙ አዮዲን አለ ብሎ ያሰላል።

እስቲ አስቡት። ፈሳሹ ከጥንካሬው አንድ አሥረኛውን ቢያጣ፣ 14 ሚሊ ግራም ያለው ጨው 15.6 ሆኖ ይነበባል። መውደቅ የነበረበት ጨው አልፎ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ነፍሰ ጡሯ ድስት። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ ከነነጥቡ አምሮ ታትሟል። በእጅ የሚሠራም በዚያው ፈሳሽ ቢሠራ እኩል ይሳሳታል፤ ልዩነቱ የእጁን ቁጥር እንጠረጥራለን፣ የማሽኑን ግን እናምናለን። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። መጠኑ በትክክል የታወቀ ንጹሕ ፖታሲየም አዮዴት ወስዶ ታዮሰልፌቱን በየጊዜው መፈተን ነው። ከዚህም ሌላ ማሽኑ ዘንጉ መጽዳት፣ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር መታየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይቆማል። ቢዩሬት መብራት አይጠይቅም።

የሁለቱ ጨዎች ውጤት

ጓደኛዬ ፈሳሹን ከፈተነች በኋላ ሁለቱንም ጨዎች በሁለቱም መንገድ ለካቻቸው። የረከሰው በእጅ 29.6፣ በማሽን 29.0 ሆነ። ውዱ በእጅ 10.6፣ በማሽን 11.0 ሆነ። አያችሁ? በሠለጠነ እጅና በተፈተነ ማሽን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ሁለቱም አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል አሉ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ከወደቀው ጨው እንደገና ሁለት ጊዜ ቀዳች፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር። የላይኛው 7 ገደማ፣ የታችኛው 20 ገደማ ሆነ። ከአንድ ማሸጊያ! ጨዉ ጎርበጥ ያለና እርጥበት ያለው ነበር። አዮዲኑ የሚጨመረው በውሃ ተሟሙቶ በጨዉ ላይ በመርጨት ነው። በደንብ ካልተደባለቀ አንዱ ቦታ ይበዛል፣ ሌላው ቦታ ያንሳል። ጨዉ ሲረጥብም ውሃው አዮዲኑን ይዞ ወደ ሥር ይወርዳል። እንግዲህ እጅና ማሽን የተለያዩት በግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ማንኪያ ግን በ13።

ስለዚህ እጅ ወይስ ማሽን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙ ናሙና ለሚመረምር የቁጥጥር ላቦራቶሪ ማሽን ይገዛ እላለሁ። እንደ አፍዴራ ሙቀትና አቧራ ባለበት፣ ጨዉ በሚመረትበት ቦታ ግን ቢዩሬት ይዞ በየምርቱ ከላይም ከመሐልም ከሥርም እየቀዳ የሚለካ አንድ ደህና የሠለጠነ ሰው ይበልጥብኛል። ማሽን ገዝቶ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ አንዲት ማንኪያ መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞ የምርት ቦታው ላይ ከተለካ ጉድለቱ እዚያው ይታረማል፤ ሱቅ ከደረሰ በኋላ የተለካው ግን በአብዛኛው ተበልቶ ነው ውጤቱ የሚመጣው።

በየቤታችን

እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ቢዩሬት የለንም። ሆኖም ተለክቶ የመጣውን ላለማጥፋት የምንችለው አለ።

ጎርባጣ ጨው ገዝቶ ቆሻሻው ይልቀቅ ብሎ ማጠብ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ከጨዉ ጋር ያለው አዮዲን በውሃው ይሄዳል፤ የታጠበ ጨው እንዳልተጨመረበት ቁጠሩት። ደቃቁንና ደረቁን መግዛት ይሻላል። ሱቁ በር ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከከረመ ክፍት ጆንያ አትግዙ። ቤት ሲደርስ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከእንፋሎት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከመቅዳታችሁ በፊትም ከሥር ወደ ላይ አማስሉት። የላይኛውና የታችኛው ማንኪያ ነገር ትዝ ይበላችሁ! ሾርባም ሆነ ወጥ ጨዉን ሊወጣ ሲል ብትጨምሩ የሚጠፋው አዮዲን ይቀንሳል። አሞሌ ጨው ለሚወዱ ደግሞ፣ አሞሌ ከመሬት እንደተቆረጠ የሚመጣ እንጂ አዮዲን የተረጨበት አይደለም።

አዮዲን ላግኝ ብሎ ጨው ማብዛት ግን አይገባም፤ የደም ግፊት አለና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ጨዉ በኪሎ 30 ሚሊ ግራም ካለው በ5 ግራም ውስጥ 150 ማይክሮ ግራም ይገኛል፤ ልክ የአዋቂ የቀን ድርሻ። 10 ብቻ ካለው ግን የሚገኘው 50 ነው። ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ደግሞ 250 ነበር። ወተት፣ እንቁላልና የባሕር ዓሣ ቀሪውን ሊያግዙ ይችላሉ። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ግን በራሱ ከመወሰን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ያቺ እህት በቀጠሮዋ ተመልሳ መጣች። የረከሰውን እንድትገዛ ነገርኳት፤ ከሌላ ምርት ሲሆን ቁጥሩ ሊለያይ እንደሚችልም አልደበቅኳትም። በእርግዝና ክትትሏ ላይ የእናቷን እንቅርትና የራሷን አንገት ለሐኪሟ እንድትነግር አደራ አልኳት። «ጨዉንስ እስከ ዛሬ አጥቤ ነው የምጠቀመው» አለችኝ፣ ደንገጥ ብላ። ከዛሬ ጀምሮ አትጠቢው አልኳት። የተረፈውን የረከሰ ጨው ከባንኮኒው ላይ አንስታ ወደ ዘንቢሏ ከተተች፤ ውዱን ግን እዚያው ትታው ሄደች።